ልኩን የሳተ እርከን

እርከን ላይ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ ቁፋሮው ነው፤ ልኩን፣ ማለትም መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከፍታ መያዙን፣ በዓይኑ ይገምተዋል። ተዳፋት ላይ ግን ዓይን ይታለላል። መስመሩ በ50 ሜትር ውስጥ 30 ሴንቲሜትር ዝቅ ያለ ቦታ ካለው፣ ቦዩ ውስጥ የገባው ውሃ ሁሉ እዚያች ላይ ተጠራቅሞ ክትሩን፣ ማለትም ከቦዩ በታች የተከመረውን አፈር፣ ይደረምሰዋል። ተበትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ በአንድ አፍ ሲወጣ ከታች ያለው ማሳ ይቦረቦራል። እንዲህ ያለው እርከን ጭራሽ ባይሠራ ይሻል ነበር።

ልክ ለማውጣት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 2 ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሁለት እንጨቶች ጫፋቸውን በምስማር ይያዙ፣ እግራቸውን ከፍተው ወገባቸው ላይ አግዳሚ ይምቱ፤ ከጫፉ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ ያንጠልጥሉ። እግሮቹ ያረፉበትን ሁለት ቦታ በችካል ለይተው ሲባጎው አግዳሚውን የሚነካበትን ይጫሩ። ከዚያ እግሮቹን አቀያይረው እዚያው ላይ ያቁሙና እንደገና ይጫሩ። የሁለቱ ጭረቶች መሐል ትክክለኛው ልክ ነው፤ ሲባጎው እዚያ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ማቀያየሩን የዘለለ ሰው የእንጨቱን ጉድለት ይዞ ማሳውን ሙሉ ይዞራል። ነፋስ ካለ ከበድ ያለ ድንጋይ ያንጠልጥሉ።

ርቀቱ በተዳፋቱ ይወሰናል። በሁለት እርከኖች መካከል 1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ከያዙ፣ 5 በመቶ ተዳፋት ላይ 20 ሜትር፣ 10 በመቶ ላይ ደግሞ 10 ሜትር ይመጣል። መሬት ይባክናል ብሎ ማራራቅ አያዋጣም፤ ውሃ በረዘመ ተዳፋት ላይ እየተጠራቀመና እየፈጠነ ስለሚመጣ ክትሩ አይችለውም።

ቦዩ 50 ሴንቲሜትር ይጠልቃል፣ 50 ይሰፋል። አፈሩ ወደ ታችኛው ወገን ይጣላል፤ በቦዩና በክትሩ መካከል ግን 25 ሴንቲሜትር ያህል ያልተነካ መሬት ይቀራል፣ አለበለዚያ ክትሩ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ይናዳል። አፈሩን በየንብርብሩ ይረግጡት፤ ተረግጦ ሲያበቃ 60 ሴንቲሜትር ከፍታ ይኑረው። ሳይረገጥ የተከመረ ክትር በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይሰምጣል። ቦዩ ውስጥም በየ5 ሜትሩ ከቦዩ አፍ ዝቅ ያለ የአፈር ግድብ ይተዉ። ልኩ በጥቂቱ ቢሳሳት እንኳ ውሃው በየክፍሉ ይቀራል እንጂ ወደ አንድ ቦታ አይሮጥም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ውሃ በሚያሰርግ አፈር ላይ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ውሃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ ግድቦቹ ይቀሩና ቦዩ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ዘንበል ብሎ ትርፍ ውሃ ወደሚወርድበት ማስወገጃ ይፈስሳል። ማስወገጃው ከእርከኑ አንድ ክረምት ቀድሞ ሣር መልበስ አለበት። ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ቦረቦርን በገዛ እጅ መቆፈር ነው።

ክትሩ ላይ ዝናብ እንደጀመረ ቬቲቨር የተባለውን ሣር በ10 እና 15 ሴንቲሜትር መካከል አጠጋግተው ይትከሉ፤ ሥሩ አፈሩን ቀጥ ብሎ እየወረደ አጥብቆ ይይዘዋል። እስኪጸድቅ ከብት አይግባ።

እርከን ግን የሚይዘው አንዴ የተነሳን አፈር ነው። አፈሩን መጀመሪያ የሚያነሳው ባዶ መሬት ላይ የሚወድቀው የዝናብ ጠብታ ነው፤ የፈረጠው ደቃቅ አፈር የመሬቱን ቀዳዳዎች ደፍኖ ፊቱን ያጠነክረዋል፣ ውሃውም መስረግ ትቶ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከአጨዳ በኋላ አገዳውንና ገለባውን አያንሱት፤ የመሬቱን አንድ ሦስተኛ እንኳ ቢሸፍን መሸርሸሩ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንዳባራ አካፋ ይዘው እርከኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዙሩት። ክትሩ የሰመጠበትን፣ በላዩም ውሃ የዘለለበትን ቦታ ያኔ በአንድ ሰዓት ይደፍኑታል።