ቁስሉማ ድኗል

ባሕር ዳር በምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ካከምኳቸው ስፖርተኞች አንዱ የሰፈር ቡድን አጥቂ ነው። ኳስ እየገፋ ድንገት ሲዞር ጉልበቱ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማ፤ ማታውኑ አብጦ አልታጠፍ አለው። እንዲህ በሰዓታት ውስጥ የሚያብጥ ጉልበት ብዙ ጊዜ ውስጡ የፈሰሰ ደም አለ፤ መታሸት የለበትም። እሱ ግን ታሽቷል። በኋላ ኤምአርአይ ሲነሣ፣ ጉልበት ውስጥ የጭንና የቅልጥም አጥንትን የሚያያይዘው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠሱ ታወቀ። አዲስ አበባ ሄዶ በካሜራ ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ ከጭኑ ጀርባ ጅማት ተወስዶ ተተከለለት።

ሦስተኛው ወር ሲገባ አሰልጣኙ ይዘውት መጡ።

«ልጄ፣ ቁስሉማ ድኗል። ቅዳሜ ጨዋታ አለን፤ ፍቀጂለት።»

እውነታቸውን ነው። ካሜራውና መሣሪያው የገቡባቸው ቀዳዳዎች አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞሉም። ልጁ አያነክስም፣ አያመውም። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የተተከለው ጅማት ከደም ሥሩ ተለይቶ የመጣ ነው፤ አዲስ ደም ሥር ገብቶበት ራሱን እስኪያድስ ድረስ፣ ከተተከለበት ቀን ይልቅ ይደክማል። ሕመሙ የሚጠፋው ደግሞ ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ቤተሰቡ ለሕክምናው ምን እንደከፈለ ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ማስረዳቴ አላሳመናቸውም። ሜትሩን ሰጠኋቸውና «ጋሼ፣ እርስዎ ይለኩት» አልኳቸው። ከጉልበቱ ሎሚ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ሁለቱንም ጭኖች ለኩ፤ ኦፕራሲዮን የተሠራው በ3 ሴንቲ ሜትር ቀጥኗል። ልጁን በአንድ እግሩ ቁጢጥ እንዲል ጠየቅሁት። በደህናው ወርዶ ተነሣ። በተሠራው ግን ግማሽ ሳይወርድ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ወደ ውስጥ ዞረ። አሰልጣኙ ዘለው ክንዱን ያዙት፤ «ተው፣ ተው!»

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጥናት እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ወደ ሜዳ መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት አደጋው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያን ዕለት ግን ቁጥሩን መጥቀስ አላስፈለገኝም።

ከዚያ ወዲህ ክልከላን ለታካሚው ብቻ አልነግርም፤ ሜዳ የሚያስገባውን ሰው አስጠርቼ በገዛ እጁ አስለካለሁ። አሰልጣኙም የራሳቸውን ሜትር ገዝተው የልጁን ጭን በየወሩ ይለኩ ነበር። ዘጠኝ ወር ካለፈ በኋላም የፈቀድኩለት፣ የተሠራው እግር ጥንካሬ የደህናውን 90 በመቶ ሲደርስ ነው።