ለኤአር-15 ጠመንጃ የ.22 መቀየሪያ ኪት ወይስ ራሱን የቻለ የላይኛው አካል?

በኤአር-15 ጠመንጃ አነስተኛዋን የ.22 ሎንግ ራይፍል ጥይት መተኮስ የሚፈልግ ሰው ሁለት አማራጮች አሉት። አንደኛው የጠመንጃውን ቦልት፣ ማለትም ጥይቱን አጉርሶ በርሜሉን ከኋላ የሚዘጋውን ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ አውጥቶ በምትኩ መቀየሪያ ኪት ማስገባት ነው። ሁለተኛው ለዚህች ጥይት ብቻ የተሠራ፣ የራሱ በርሜልና የራሱ ቦልት ያለው ሙሉ የላይኛው አካል ገዝቶ ቃታውን ከያዘው ነባር የታችኛው አካል ጋር መግጠም ነው። ብዙ ጊዜ ምርጫው የዋጋ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል፤ እኔ ግን መታየት ያለበት አስቀድሞ አረሩ በበርሜሉ ውስጥ የሚገጥመው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ኪቱ ሊሠራ የቻለው የሁለቱ ጥይቶች አረር በውፍረት ስለሚቀራረብ ነው፤ የኤአር-15 መደበኛ ጥይት የሆነው የ5.56ቱም ሆነ የ.22ቱ አረር ወደ 5.7 ሚሊሜትር ይጠጋል። በቀለህ ግን አይገናኙም፤ የመጀመሪያው 45 ሚሊሜትር ያህል ሲረዝም ሁለተኛው 16 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በመሆኑም ኪቱ ከፊቱ የትልቁን ቀለህ ቅርጽ የያዘ ብረት አለው፤ ይህ ብረት የበርሜሉን መጉረሻ ሞልቶ ለትንሿ ጥይት ማደሪያ ይሆናል። ቦልቱ በጋዝ ኃይል አይሠራም፤ ቀለሁ ወደ ኋላ በሚገፋው ግፊትና በራሱ ሞላ ብቻ ይመላለሳል። የአሜሪካ ጦር ኤም261 የተባለውን እንዲህ ያለ ኪት የኤአር-15 ወታደራዊ አቻ በሆነው በኤም16 ጠመንጃ ለተኩስ ልምምድ ተጠቅሞበታል፤ ሐሳቡ የተፈተነ ነው ለማለት ይህ ይበቃል።

ሆኖም የ5.56 በርሜል ለ.22 አረር አልተሠራም። የ.22 በርሜል ውስጣዊ ጥምዝ ዘወትር በ16 ኢንች፣ ማለትም በ406 ሚሊሜትር ገደማ፣ አንድ ሙሉ ዙር የሚያዞር ሲሆን፣ ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ የ5.56 በርሜሎች ረዘም ያለ አረር እንዲያረጋጉ ታስበው በ7፣ በ8 ወይም በ9 ኢንች አንድ ዙር ያዞራሉ። ለስላሳውና 2.6 ግራም ገደማ የሚመዝነው የእርሳስ አረር ከሚያስፈልገው በላይ ሲሽከረከር፣ በውስጡ ያለች ጥቂት የሚዛን ጉድለት ሁሉ ከበርሜሉ ከወጣ በኋላ ጎልታ ትታያለች። በዚህ ላይ አረሩ ከኪቱ ማደሪያ ወጥቶ የበርሜሉን ጥምዝ እስኪይዝ ድረስ ሊያዘነብል ይችላል። ራሱን የቻለው የላይኛው አካል ግን ጥምዙም መጉረሻውም በጥይቷ ልክ ስለተሠሩለት፣ በ50 ሜትር ኢላማ ላይ የሚታየው የቀዳዳዎቹ መቀራረብ አብዛኛውን ጊዜ ከኪቱ በግልጽ የተሻለ ነው።

ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው። በርካሽ ጥይት የምንለማመደው ጣታችን ቃታውን እንዴት እንደሚስብ ለማወቅ ነው። አረሩ ከመሃል ሲርቅ ጥፋቱ የእጄ ይሁን የበርሜሉ መለየት ካልቻልኩ፣ ያ ልምምድ ጥይት ከመጨረስ ብዙም አያልፍም።

የጽዳቱም ነገር ቀላል አይደለም። በኪቱ ሲተኮስ የእርሳስ ብናኝ፣ የአረሩ ሰምና ያልተቃጠለ ባሩድ በበርሜሉ ጎን ባለችው የጋዝ ቀዳዳ አልፎ፣ በ5.56 ሲተኮስ ቦልቱን የሚያንቀሳቅሰውን ጋዝ ወደ ኋላ ወደሚያደርሰው የጋዝ ቱቦ ይገባል። አንዳንዶች ቱቦውን ለማጥራት በመጨረሻ ጥቂት የ5.56 ጥይት ይተኩሳሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ በርሜሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት መሆኑን በዓይኑ ያረጋግጥ፤ አቅም ያነሳት የ.22 ጥይት አረሯን በርሜል ውስጥ ትታ ከሆነ፣ ቀጣዩ ከፍተኛ ግፊት ያለው ጥይት በርሜሉን ሊያፈነዳውና ተኳሹን ሊጎዳው ይችላል። ለ.22 ብቻ በተሠራው የላይኛው አካል ላይ የጋዝ ቀዳዳም ቱቦም ስለማያስፈልግ ይህ ልማድ ከነጭራሹ አይኖርም።

ኪቱ የሚመሰገንበትም ቦታ አለ። በአንድ ደቂቃ ይገባል፣ ይወጣል፤ የጠመንጃው ክብደት፣ ሰደፍና ማነጣጠሪያም እንደነበሩ ይቆያሉ። በ25 ሜትር ውስጥ አያያዝን፣ አቋቋምንና ፈጥኖ ማነጣጠርን ለመለማመድ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ በላይ ማውጣት አያስፈልገውም። ነገር ግን የ.22ቱ አረር ከ5.56ቱ በተለየ ነጥብ ስለሚያርፍ፣ ኪቱ በተቀየረ ቁጥር ማነጣጠሪያው እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። ራሱን የቻለው የላይኛው አካል የራሱን መነጽር ተሸክሞ ስለሚቀመጥ በዚህም ይበልጣል።

በሁለቱም ዘንድ ተቀጣጣዩ ቅመም ያለው በቀለሁ ግርጌ ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ መርፌው በርትቶ መምታት አለበት፤ ቃታቸውን ለማቅለል ደካማ የመዶሻ ሞላ ያስገቡ ሰዎች ጥይት ሲከሽፍባቸው በመጀመሪያ ኪቱን ሳይሆን ሞላውን ይመርምሩ። የአምራቹ መመሪያ ካልፈቀደም በባዶው ቃታ መሳብ አይገባም፤ መርፌው የማደሪያውን ጠርዝ ሊጎዳው ይችላል።

ከግዢው በፊት ሕጉንም ማየት ግድ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የኤአር-15 መለያ ቁጥር ያረፈበት የታችኛው አካል እንደ ጦር መሣሪያ ሲቆጠር፣ በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ግን በርሜልና ቦልትም ራሳቸውን ችለው ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዋና ክፍሎች ውስጥ ስለሚገኙ፣ ኪትም ሆነ የላይኛው አካል ለመግዛት ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል።