«ኩላንት ተሞልቷል»

በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ የአንድ መኪና ሁለት የሥራ ማዘዣ ቅጂዎች አስቀምጫለሁ። በአምስት ሳምንት ልዩነት የተጻፉ ናቸው፤ በሁለቱም ግርጌ ላይ ግን ያው መስመር ይነበባል፦ «ኩላንት ተሞልቷል፤ የሚታይ ፍሳሽ የለም»። ኩላንት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። መስመሩ ሐሰት የለበትም፤ ኩላንቱ በእርግጥ ተሞልቶ ነበር፣ ፍሳሽም በእርግጥ አልታየም። ወረቀቶቹን ያስቀመጥኳቸው ሳልጽፍ ስለተውኩት ነገር ነው።

የምሠራው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በአንድ የመኪና ሻጭ ድርጅት የሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። የድርጅቱንም ሆነ የአምራቹን ስም አልጠራም። ሥራዬ መካኒክነት አይደለም። ባለመኪናው ጠዋት ሲመጣ የሚለውን ሰምቼ መካኒኩ በሚገባው ቋንቋ እጽፋለሁ፤ ማታ ደግሞ መካኒኩ ያገኘውን ባለመኪናው በሚገባው ቋንቋ እነግራለሁ። አካባቢው የአገራችን ሰው የበዛበት በመሆኑ ይህ ሁለተኛው ቋንቋ ብዙ ጊዜ አማርኛ ነው፤ ከሬገንና ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያዎች መንገደኛ እያመላለሱ የሚተዳደሩ ሹፌሮች «ሐበሻው ያለበት ዲለር» እየተባባሉ ይመጣሉ።

ከእነዚህ አንዱ ስድሳ ዓመት የተሻገሩ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል። በወጣትነታቸው በአገር ቤት የጭነት መኪና ነድተዋል፤ ጓደኞቻቸው ስለ ሞተር ሲጨቃጨቁ እሳቸው ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና አባይ በረሃን ስንት ጊዜ እንደወጡና እንደወረዱ ይነግሯቸዋል፣ ክርክሩም በዚያው ያበቃል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ያገለገለች መኪና ገዝተው በእሷ መንገደኛ ይጭኑ ነበር። ከመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ አምስት ሊትር ውኃ የያዘ ቢጫ ጀሪካን ጠፍቶ አያውቅም።

መጀመሪያ የመጡት ዘይት ለማስቀየር ነበር። በእኛ ቤት መኪና ሲገባ መጀመሪያ የሚደረገው፣ አገር ቤት የሻንሲ ቁጥር የምንለውን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ መለያ ኮምፒውተሩ ላይ ማስገባት ነው። ቁጥሩ ሲገባ የመኪናው ታሪክ ይዘረገፋል፤ ያልተዘጋ ሪኮል ካለም በቀይ ይታያል። ሪኮል ማለት አምራቹ ከሠራው ውስጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት ሲገኝ መኪናዎቹን ጠርቶ በራሱ ወጪ የሚያስተካክልበት አሠራር ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ማሳወቁ ከ1966 እ.ኤ.አ.፣ ያለ ክፍያ ማስተካከሉ ደግሞ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ነው። በጋሼ መኪና ላይ የወጣው ቀይ መስመር፣ ሞተሩ ኩላንት ሊያጣና ከመጠን በላይ ሊሞቅ፣ ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሰነጠቅ እንደሚችል፣ በስንጥቁ የሚወጣው ዘይት ደግሞ የጋለ ብረት ላይ ሲያርፍ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል ይናገራል። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፦ «ማስተካከያው ገና አልተዘጋጀም»።

ይህ ሁለተኛ መስመር ለማያውቀው ሰው እንግዳ ነው። አምራቹ ጉድለቱን ለመንግሥት የአውራ ጎዳና ደኅንነት አስተዳደር ካሳወቀ በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ ለባለመኪኖች ደብዳቤ መላክ አለበት፤ መለዋወጫው ደረሰም አልደረሰም ቀኑ አይጠብቀውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው ብቻ ይላካል፣ ማስተካከያው ሲገኝ ደግሞ ሁለተኛ ደብዳቤ ይከተላል። በሁለቱ ደብዳቤዎች መካከል ወራት የሚያልፉበት ጊዜ አለ፤ ባለመኪናው በዚያ መሐል አደገኛ መሆኑ በተነገረለት መኪና ሥራውን ይሠራል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል።

እኔ በዚያን ጠዋት ቀዩን መስመር አነበብኩት። ከዚያም ዘጋሁት። ምክንያቴን ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ክፋት አልነበረበትም፤ ይህ ግን ነገሩን አያቀልለውም። የሚገጠም ዕቃ የለም፣ ለመካኒኩ የሚከፈል ሰዓት የለም፣ ለድርጅቱም የሚገባ ገንዘብ የለም። ብነግራቸው «ታዲያ ምን ላድርግ?» ይሉኛል፣ እኔም መልስ የለኝም ብዬ አሰብኩ። ከኋላቸው አራት ሰው ተሰልፏል። በክፍላችንም ቢሆን ያልተጻፈ ልማድ ነበረን፦ ዕቃው ሳይመጣ ሰው አታስደንግጥ። ዘይቱ ተቀየረ፣ ጎደሎ የተገኘው ኩላንት ተሞላ፣ ሰውየውም አመስግነው ሄዱ።

በአምስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ የመጡት ለዘይት አልነበረም። «ልጄ፣ ይህች መኪና ውኃ ትጠጣለች» አሉኝ። «በየሦስት ቀኑ እጨምርላታለሁ። ከታች አታንጠባጥብም፤ ከላይም አይታይም። የት እንደምታደርሰው እንጃ።» መካኒኩ ራዲያተሩን በግፊት ፈትሾ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቀ፤ መርፌው አልወረደም። ቀዩ መስመር እንደገና ዓይኔ ሥር ነበር፣ «ኩላንት ሊያጣ ይችላል» ይላል፤ ሰውየውም ፊት ለፊቴ ቆመው ኩላንት ጠፋብኝ ይሉኛል። ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። ልማድ ዓይንን እንዴት እንደሚጋርድ የገባኝ በኋላ ነው። ሁለተኛውን ወረቀት እንደ መጀመሪያው አድርጌ ጻፍኩ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ በሐምሌ ወር በአንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም ስልኬ ጮኸ። ከውጭ ሙቀቱ 36 ዲግሪ ነበር። ጋሼ ከ395 አውራ ጎዳና ዳር ሆነው ነው የሚደውሉት፤ የመኪኖች ጩኸት ድምፃቸውን ይውጠዋል።

«ልጄ፣ የሙቀት ቆጣሪው ደህና ነው ይላል፤ ጭስ ግን ከኮፈኑ ሥር ይወጣል። የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል። ውኃ ልጨምርባት?»

«ሰው አሳፍረዋል?»

«አንዲት ሴት ከነሻንጣዋ አለች።»

«ጋሼ፣ ሞተሩን ያጥፉ። ሴትዮዋን በቀኝ በኩል ያውርዷት፣ ሻንጣው ይቅር። ሁለታችሁም ከብረቱ አጥር ወዲያ ተሻገሩ።»

«ኮፈኑን ከፈት አድርጌ…»

«በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ኮፈኑን አይንኩት! አሁኑኑ ወደ 911 ይደውሉ።»

ለአፍታ ዝም አሉ። ከአርባ ዓመት በላይ ሞተር የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ የምላቸው ግን እጃቸው የለመደውን ሁሉ የሚቃረን ነው። በኤንትሬ ዘመን ሞተር ሲሞቅ ሹፌሩ ይቆማል፣ ረዳቱ ኮፈን ይከፍታል፣ ጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን በጥንቃቄ ያላላል፣ ከዚያ ጀሪካኑ ይመጣል። ሞተሩም ቢሆን በወጉ ይናገር ነበር፤ ያፏጫል፣ በእንፋሎት ይተነፍሳል። ውኃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ ችግሩ ገና ከጅምሩ ይሰማል። የዛሬው መኪና ኩላንት ግን በግፊት ተይዞ ከ120 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ በዚያ ሙቀት ከተከፈተ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ፊት ይልጣል። ከኮፈን ሥር እሳት ካለ ደግሞ ኮፈን መክፈት አየር መመገብ ነው። ይህን ሁሉ በስልክ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። ቃሌን አክብረው ሰሙኝ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ ከሞተሩ ጎን ትንሽ ነበልባል ተነሥቶ የኮፈኑን ቀለም አቁስሎ ነበር፤ ወዲያው አጠፉት። ሴትዮዋ ሻንጣዋን ተቀብላ ሌላ መኪና ጠርታ ሄደች።

መኪናው ተጎትቶ እኛው ዘንድ መጣ። መካኒኩ ቴስታታውን ሲያወርድ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ጣቱን አስነክቶ አሳየኝ፤ በዓይን ከመታየቱ በፊት ጥፍር ላይ የሚያዝ ዓይነት ነበር። ቆጣሪው ለምን ዝም እንዳለ የጠየቅኩት ያኔ ነው። የሙቀት መለኪያው ትክክል የሚናገረው ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ሳለ ነው፤ ኩላንቱ ከእሱ በታች ሲወርድ ጫፉ አየርና እንፋሎት ውስጥ ይቀርና የብረቱን ትክክለኛ ሙቀት ማወቅ ያቅተዋል። በዚያ ላይ የብዙ ዘመናዊ መኪናዎች ቆጣሪ ሹፌሩን በትንሽ በትንሹ እንዳያሳስብ ሆን ተብሎ በሰፊ የሙቀት ልክ ውስጥ መሐል ላይ እንዲቆም የተሠራ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የሹፌርን ሰላም ለመጠበቅ ሲባል ሹፌሩን ማታለል ነው።

ነገሩ የእኛ አምራች ብቻ አይደለም። ሌላው ኩባንያ ፎርድ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ 4,556 ኩጋ መኪናዎችን የጠራው በርካቶቹ በመንገድ ላይ ከተቃጠሉ በኋላ ሲሆን፣ የተሰጠው ምክንያትም ተመሳሳይ ነው፦ ኩላንት በበቂ ሳይዘዋወር ሞተሩ ይሞቃል፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ዘይት ይወጣል። በዚያው ዓመት ያው ኩባንያ በሰሜን አሜሪካ ለጠራቸው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር መኪናዎች የታሰበው ማስተካከያ የኩላንቱን መጠን የሚከታተል መለኪያ መግጠም ነበር፤ ፈሳሹ ሲጎድል ሹፌሩ ሙቀቱን ሳይጠብቅ እንዲያውቅ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሼ አንድ ፌስታል ይዘው መጡ። ፌስታሉ ያልተከፈተ ፖስታ ሞልቶታል፤ የባንክ ወረቀት፣ የፒዛ ማስታወቂያ፣ «መኪናዎን እንግዛዎት» የሚሉ የሻጮች ካርዶች። አንድ በአንድ ስንገለብጥ «የደኅንነት ሪኮል ማስታወቂያ» የሚል ቀይ ምልክት የታተመበት ፖስታ አገኘን። በእንግሊዝኛ በርካታ ገጽ ነው። አማርኛ እያደረግኩ አነበብኩላቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ድምፄ ቀነሰ፤ ማስተካከያው እስኪዘጋጅ ድረስ ባለመኪናው የኩላንቱን መጠን ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ እየተመለከተ እንዲቆይ፣ ጎድሎ ካገኘው ግን መንዳቱን አቁሞ ወደ ዲለር እንዲሄድ ይላል።

መንዳቱን ከማቆም በቀር ደብዳቤው አድርጉ ያለውን ሰውየው ሳያነቡት አድርገውታል። አይተዋል፣ ጎድሎ አግኝተዋል፣ መጥተው ነግረውኛል። አንብቤ ያላደረግኩት እኔ ነኝ። ይህንን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነገርኳቸው፤ ቀዩን መስመር ሁለት ጊዜ ማየቴን ጭምር። ደብዳቤውን አጣጥፈው ወደ ፖስታው መለሱት። «እኔም ፖስታ አልከፍትም፣ አንተም አትናገርም» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አምራቹ በመጀመሪያ ሞተሩን ለመቀየር አንገራገረ። መርማሪው ኩላንቱ በተራ ውኃ ቀጥኖ ማግኘቱን ጻፈ፤ የጀሪካኑንም ፎቶግራፍ አያያዘ። እውነት ነው፣ ውኃው ጠቃሚ አልነበረም፤ ግን ውኃው የተጨመረው ኩላንቱ ስለጠፋ እንጂ ኩላንቱ የጠፋው ውኃ ስለተጨመረ አይደለም። ያሳፈሩኝ ሁለት ወረቀቶች የተነሡት እዚህ ላይ ነው። ሰውየው እሳቱ ከመነሣቱ በፊት ችግሩን ይዘው መቅረባቸውን፣ ኪሎሜትሩንና ቀኑን ጨምረው የሚመሰክሩት እነሱ ብቻ ነበሩ። እኔም አንድ ገጽ ጽፌ አያያዝኩ፤ ሪኮሉን አይቼ እንዳልነገርኳቸው በግልጽ አስፍሬ። አለቃዬ «ይህን ዓረፍተ ነገር ማውጣት አትችልም?» ሲለኝ ካወጣሁት የቀረው ወረቀት ምንም እንደማይል መለስኩለት። ብዙ ከተመላለስን በኋላ ሞተሩ በአምራቹ ወጪ ተቀየረ። ሥራ የፈቱበት የሁለት ወር ገቢያቸው ግን አልተመለሰም።

ወሬው በሹፌሮች ዘንድ ሲሰማ የሻንሲ ቁጥር ፎቶ የሚልኩልኝ በዙ። ከአዲስ አበባ የሊብሬ ፎቶ የላኩልኝም አሉ። ከአሜሪካ ተጭኖ የሄደ መኪና ከሆነ ቁጥሩን የአሜሪካ መንግሥት የአውራ ጎዳና ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ ከየትም ሆኖ በነፃ ማየት ይቻላል፤ ለባሕረ ሰላጤው ወይም ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ ግን እዚያ አይገኝም፣ ደብዳቤ የሚልክለትም የለም። ለእነዚህ የምመክረው ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የፕላስቲኩን ማጠራቀሚያ ማየትን ነው። እዚህ ላሉት ደግሞ ሁለት ነገር እጨምራለሁ፦ ነፃው ማስተካከያ መብታቸው የሚሆነው መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ 15 ዓመት ካልሞላው መሆኑን፣ ከጥሪው በፊት ለዚያው ጉድለት ከኪሳቸው የከፈሉትን ደረሰኝ ካላቸው ማስመለስ እንደሚችሉ።

በእኛ ክፍል አሁን ቀይ መስመር ሲወጣ አትሜ ለባለመኪናው እሰጣለሁ፤ «ማስተካከያው አልተዘጋጀም» የሚለውን በቀለም አስምሬ። ሞተሩ ከቀዘቀዘ ወደ መኪናው አብሬ ሄጄ የዝቅተኛውንና የከፍተኛውን ምልክት በጣቴ አሳያለሁ። ሰልፉ በዚህ ምክንያት ይረዝማል፤ አንዳንዱም «ታዲያ ምን ላድርግ?» ይለኛል። ኩላንቱን ከዝቅተኛው ምልክት በታች ካዩት መኪናውን አይነዱት፣ ለእኔ ይደውሉ እላለሁ።

ጋሼ ባለፈው ወር ዘይት ለማስቀየር መጥተው ነበር። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ሲከፍቱ ቢጫው ጀሪካን በቦታው አለ። ሳላውቀው ፊቴ ተለዋወጠ መሰለኝ፣ አይተውኝ ሳቁ።

«አትደንግጥ ልጄ» አሉኝ። «የምጠጣው እኔ ነኝ።»