አሮጊቷና የእናቴ ዱላ

ቅዳሜ ማታ፣ ጥር 14

መብራት ከሄደ አንድ ሰዓት አለፈው። ይህን የምጽፈው በስልኬ መብራት ነው። እጄ ግራሶ ይሸታል፤ አፍንጫዬ ውስጥ አሁንም አሸዋ አለ። ሳሎኑ መሀል አራት ቫኪዩም ክሊነር፣ አቧራ የሚስብ ማሽን፣ እንደ እንግዳ ተገትሯል። ሙከራዬ አንድ መስመር ሲቀረው ነው መብራቱ ቀጥ ያለው።

ጥምቀት አለፈ። ዘንድሮ አሥራ አንድ እንግዳ ነበረን፤ ፍራሽ ከጎረቤት እስከ መዋስ ደርሰናል። የመጨረሻዎቹን ትናንት መናኸሪያ ሸኝቼ ተመለስኩና ስጋጃችንን አየሁት። ቀይ መሆኑን የማውቀው ስለማስታውስ ብቻ ነው። ፈንዲሻ፣ የደረቀ ቄጠማ፣ የሹሩባ ፀጉር፣ የቆሎ ገለባ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፋሲል መዋኛ ደርሶ መልስ በሃያ ሁለት እግር የገባ አቧራ። እናቴ «ወይ ጉዴ!» ብላ ወገቧን ያዘች። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ምንጣፍ በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው።

ሱሴ ይህ ነው። አሮጌ ቫኪዩም አገኛለሁ፣ እፈታለሁ፣ አድሳለሁ፣ ከዚያ አንዱን ከሌላው አወዳድራለሁ። የምወደው ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ዓይነት ነው። ሞተሩ እታች እግሩ ላይ ያለውን፣ እጀታውን እንደ እርፍ ይዘው እየገፉ የሚሄዱበትን። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። አንዱ «አንተ፣ ጎንደር ውስጥ ምንጣፍ ያለው ቤት ስንት ነው?» ብሎኛል። እውነቱን ነው። ብዙው ቤት ሊሾ ነው፤ ለሊሾ ደግሞ መጥረጊያና እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። ምን ላድርግ፣ ያዘኝ።

ነገሩ የጀመረው በጥፋት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ለእናቴ አንድ ቫኪዩም አመጣችላት። የሻንጣዋን ግማሽ የያዘው እሱ ነበር። ስፒናው ከኛ ሶኬት ጋር ስለማይገጥም መቀየሪያም አብራ ይዛለች። እኔም መቀየሪያው ሁሉን የሚቀይር መስሎኝ ሰካሁት። የአሜሪካ ቤት መብራት 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220። ማሽኑ እንደ ጅብ ጮኸ። እናቴ «አጥፋው! አጥፋው!» ትላለች፣ እጄ ማጥፊያውን ፍለጋ ይርመሰመሳል። ሳገኘው ሰማያዊ ጭስ ከሥሩ እየወጣ ነበር። አክስቴ ምንም አላለችም። ዝምታዋ ነው የገደለኝ።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ በካቻቢቴ ፈታሁት። የተወሳሰበ ነገር ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት አንድ ዲናሞ፣ አንድ ፋን፣ አንድ የጎማ ቺንጋና አንድ የሚሽከረከር ብሩሽ ነው። በቃ። ሲነጋ ዲናሞውን ይዤ አራዳ አካባቢ ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ አዛውንት ጋ ሄድኩ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ጋሼ፣ ይድናል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይኼ ታሞ አይደለም የመጣው። ገድለኸው ነው።»

ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸው ጠቀለሉት። ዛሬም ይሠራል፤ በትራንስፎርመር ነው ታዲያ። ትራንስፎርመሩ ከማሽኑ ይከብዳል። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ስዘዋወር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ታቅፌው ነው የምሄደው።

አሮጊቷን ያገኘኋት ከልዋጭ ነው። አንድ ሆቴል ግምጃ ቤቱን አጽድቶ የጣለውን ብረታ ብረት ልጁ በጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ከጆንያው አፍ ብቅ ያለች እጀታ አየሁ። ሁቨር የሚባል ኩባንያ የሠራት «ጁኒየር» የተባለች ቫኪዩም ናት። እንግሊዝ አገር የተሠራች። በሁለት የፕላስቲክ ባልዲ ለወጥኳት፤ እናቴ ባልዲዎቹን እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ከእንግሊዝ ስለሆነች በቮልት በኩል ችግር የለባትም። ያንን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስፒና ቆርጬ በኛው ተካሁት። ሰካሁት። ጸጥ።

ስፈታት ምክንያቱ ወጣ። የእነዚህ ማሽኖች ዲናሞ በካርቦን ነው የሚሠራው። ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች በስፕሪንግ እየተገፉ፣ ከዲናሞው ጋር የሚዞረውን መዳብ ይነካሉ፤ መብራቱ የሚያልፈው በነሱ በኩል ነው። በዞረ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይበላሉ። የአሮጊቷ ካርቦን የምስር ክክ አክሎ ነበር። የሷ ልክ እዚህ አይገኝም። የድሪል ካርቦን ገዛሁና በብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ፣ እየለካሁ፣ መልሼ እያሸሁ ሁለት ምሽት ፈጀሁ። ትንሽ ከወፈረ ቤቱ ውስጥ ይጣበቃል፣ ከቀጠነ ደግሞ እየተንቀጠቀጠ ብልጭታ ይረጫል። መዳቡን በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት አበራሁት። ኩሽኔታውን አጥቤ አዲስ ግራሶ ሰጠሁት። ቺንጋዋ ደርቃ ተበጣጥሳ ነበር፤ ከባጃጅ የውስጥ ጎማ እንደ ቀለበት ቆርጬ ሠራሁላት። ከአንድ ጎማ ብዙ ቺንጋ ይወጣል። ዕድሜው አጭር ነው እንጂ ይሠራል፤ ሊበጠስ ሲል ሽታው ቀድሞ ይናገራል።

የተነሳችበትን ቀን አልረሳም። መጀመሪያ አስነጠሰች። የምሬን ነው፣ አንድ ጭብጥ የአይጥ ጎጆ ተፋች። ከዚያ ያ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ መጣ። የዛሬዎቹ ያፏጫሉ፤ እሷ ታንጎራጉራለች። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ይቺ አሮጊት ተነሳች?» አለች። ስሟ የወጣው ያኔ ነው።

ከሥሯ ያለውን ሳህን ስወለውል «ፔሪቬል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ምዕራብ ለንደን ያለ ሰፈር ነው። ሁቨር እዚያ እንደ ፈረንጆቹ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ነጭ ፋብሪካ ዛሬም አለ፤ አሁን መኖሪያ ቤትና ሱፐርማርኬት ሆኗል። ፎቶውን ሳየው የኛ ፒያሳ መጣብኝ። ጣልያን ሲኒማ ቤቱንና ፖስታ ቤቱን እዚህ ያቆመው ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ፒያሳ ቡና ስጠጣ አሁን አሁን ሕንፃዎቹን ቀና ብዬ የማየው በአሮጊቷ ምክንያት ነው፤ እዚያው ተወልጄ ማለት ነው።

የማሽኑን አመጣጥ ሳነብ ደግሞ ልቤን የነካው የአንድ ጽዳት ሠራተኛ ነገር ነው። ጄምስ መሪ ስፓንግለር ይባላል። ኦሃዮ ውስጥ ካንተን በምትባል ከተማ አንድ ትልቅ መደብር ያጸዳ ነበር። አስም አለበት፤ በጠረገ ቁጥር አቧራው ያፍነዋል። የቬንትሌተር ሞተር፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጠመና የራሱን ማሽን ሠራ። በ1908 ፓተንት አገኘበት። በኛ 1900 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙበት ዓመት። መብቱን የገዛው ዊልያም ሁቨር የቆዳ ሰው ነበር። የፈረስ ዕቃ ይሠራል፤ መኪና እየመጣ ነው፤ ሌላ እንጀራ ይፈልጋል።

ከስፓንግለር በፊትም ማሽኑ ነበር። ሁበርት ሴሲል ቡዝ የሚባል እንግሊዛዊ በ1901 የሠራው በፈረስ የሚጎተት ነበር። ደጅ ይቆምና ረጅም ቱቦ በመስኮት ይገባል። በ1902 ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ሊነግሡ ሲሉ የዌስትሚንስተር አቢይን ምንጣፍ ያጸዱት በሱ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት «የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ በፈረስ!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

እንግዲህ ወደ ዛሬው። ሰው ቫኪዩም ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋቱን ነው። «2,000 ዋት ነው!» ሲባል ያልቃል። ዋት ግን ማሽኑ የሚበላው ነው፤ ምን ያህል እንደሚሠራ አይናገርም። ብዙ በልቶ የሚተኛ በሬ አለ አይደል? የአውሮፓ ኅብረት እንኳ እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ከ1,600 ዋት በላይ የሆነ ቫኪዩም ወደ ገበያ እንዳይገባ ከለከለ፣ በ2017 ደግሞ ጣሪያውን ወደ 900 አወረደው። አሮጊቷ 500 እንኳ አትሞላም። ይህን በዓይኔ ላየው ፈለግኩ።

ጠዋት ስጋጃውን በናስትሮ አራት መስመር ከፈልኩት። የእንግዶቹ ፍርፋሪ ለሁሉም እኩል ስላልተዳረሰ ሌላ የሚለካ ነገር አስፈለገኝ። ጤፍ አሰብኩ። ደቃቅ ነው፣ ምንጣፍ ውስጥ ይሰምጣል፣ ለፈተና የተፈጠረ ነው። አንድ ሲኒ ሞልቼ ልበትን ስል እናቴ ደረሰች።

«እህል መሬት ላይ የሚበትን ልጅ ነው የወለድኩት?»

«እማዬ፣ መልሼ እኮ እሰበስበዋለሁ...»

«ከአቧራ ጋር! አስቀምጥ!»

አስቀመጥኩ። ትክክል ናት፤ ሳስበው እኔንም ሰቀጠጠኝ። ከአንገረብ ወንዝ ያመጣሁት አሸዋ ደጅ ነበር። አድርቄ በአሮጌ ወንፊት ነፋሁት። ለየመስመሩ አንድ የቡና ሲኒ፣ በእግር አሥር ጊዜ ረገጥ ረገጥ፣ ከዚያ ማሽኑ አራት ጊዜ ደርሶ መልስ። የወጣውን በዚያው ሲኒ መለካት።

የመጀመሪያው ከሰፈሩ ላቫጆ የተዋስኩት ባለ በርሜል ነው። ቋሚ አይደለም፤ ለመመዘኛ ያመጣሁት ነው። ጩኸቱ አዘዞ አውሮፕላን የሚነሳ ይመስላል። ፈንዲሻውን፣ ገለባውን፣ አንድ የጠፋ የጆሮ ጌጥ ሳይቀር ዋጠ። (የጆሮ ጌጡ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ነገ እደውልላታለሁ።) አሸዋው ግን ግማሽ ሲኒ አልሞላም። ላይ ላዩን ይጠርጋል፣ ሥር የገባውን አይነካም።

ሁለተኛው አዲሱ፣ ከረጢት የሌለው፣ ሆዱ የሚታየው ዓይነት ነው። አየሩን እንደ አውሎ ነፋስ ያሽከረክረዋል፤ አቧራው ወደ ግድግዳው እየተወረወረ ይወርዳል። ጄምስ ዳይሰን ይህን መላ እስኪያገኝ 5,127 ናሙና ሠርቻለሁ ይላል። የኔው የሱ አይደለም፣ ምሳሌውን ያየ ሌላ ነው። ጥሩ ጀመረ። በሁለተኛው ዙር ቄጠማና የሹሩባ ፀጉር ብሩሹ ላይ ተጠመጠመ። መቀስ ይዤ ተንበረከክኩ። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ቄጠማ ጎዝጉዞ ቡና የሚያፈላ ሰው አላሰቡም፤ አይፈረድባቸውም። ግማሽ ሲኒ ከምናምን።

ከዚያ አሮጊቷ። ብሩሿ መሀል የብረት ዘንጎች አሉ። ሁቨር ይህን ያመጣው በ1926 ነው። ብሩሹ ሲዞር ዘንጎቹ ምንጣፉን ከላይ ይመቱታል፤ ሥር የተቀመጠው አሸዋ እየዘለለ ይወጣል፤ አየሩ ይወስደዋል። ስትሄድ ስጋጃው ሲርገበገብ በባዶ እግሬ ይሰማኛል። ሦስት አራተኛ ሲኒ አለፈች! ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ነውሯን ልደብቅ አልችልም። የሷ ቆሻሻ በፋኑ መሀል አልፎ ነው ከረጢት የሚገባው። ዓምና አንዲት ጠጠር የፋኑን ክንፍ ሸረፈችባት፤ እኚያ አዛውንት ትይዩውን ክንፍ በሞረድ አስተካክለው ሚዛኗን መለሱላት። ከረጢቷ ደግሞ ጨርቅ ነው፤ የደቀቀውን አቧራ መልሳ ቤቱ ውስጥ ትተፋዋለች። የእናቴን ደረት የሚይዛት እሱ ነው። ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ከውስጥ የአቡጀዲ ገበር አስደረብኩላት። ልብስ ሰፊው «የምን ሱሪ ነው ይሄ?» አለኝ። ሳሉ ቀነሰ፣ አልጠፋም። ስፓንግለርን ብዙ ጊዜ የማስበው ለዚህ ነው።

የአክስቴን ማሽን ትራንስፎርመር ጎትቼ ላስነሳ ስል መብራቱ ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እናቴ አንድ አምስት ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ «በል፣ ያዝ» አለች። ስጋጃውን ጠቅልለን ደጅ አወጣነውና አጥሩ ላይ ሰቀልነው። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠመጠመች፣ ነፋሱን ከኋላዋ አደረገች፣ የወይራ ዱላዋን አነሳች። ጧ! ጧ! ከበርሜሉ መስመር ደመና ተነሳ። ከአዲሱም እንዲሁ። ከአሮጊቷ መስመር ትንሽ ወጣ። ግን ወጣ።

«ይኸው!» አለች።

«እማዬ፣ የሷም ብረት እኮ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ይመታል።»

«የኔ መብራት አይፈልግም።»

አራተኛውን መስመርም እያየኋት መታችው። ሙሉ ሲኒ አሸዋ አጥሩን ተሻግሮ ሄደ። ጎረቤት ልብስ አስጥተው ነበር፤ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ደብተሬ ላይ የአክስቴን ማሽን ሰርዤ በቦታው «ዱላ» ብዬ ጽፌያለሁ። ስንት ሲኒ እንደወጣ አልተለካም። ነፋሱ ወስዶታል።