ከቤዝ ጊታር ወደ ደብል ቤዝ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሐዋሳ ውስጥ በሠርግና በሆቴል ቤዝ ጊታር ስጫወት ነው የኖርኩት። ከመስቀል ወዲህ ደግሞ ደብል ቤዝ (በቀስትም በጣትም የሚጫወቱት፣ ቆሞ የሚያዝ ትልቅ ቤዝ) ጀምሬያለሁ። መሣሪያው የባንዳችን መሪ ንብረት ነው። ጡረታ ከወጣ ሙዚቀኛ ገዝቶት ሳሎኑ ጥግ ቆሞ ነበር። "አቧራ ከሚጠጣ አንቺ ጋ ይቀመጥ" አለኝ። ባጃጅ ውስጥ እንደማይገባ የታወቀ ነው። ሚኒባስ በኮንትራት ይዘን፣ የኋላ ወንበር አስወርደን፣ ከፒያሳ ታቦር ሥር ድረስ አመጣነው። የሰፈሩ ሰው የሬሳ ሣጥን መስሎት ወጥቶ አየን።

ይህን የምጽፈው ቤዝ ጊታር እየተጫወታችሁ ደብል ቤዝ ለምታስቡ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ትልቅነቱን ነው። እኔን ያስተማረኝ ግን ቀስቱ ነው፤ ወደዚያ እደርሳለሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን ልጨርስ። ክሮቹ ያው ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው። ኖታውም እንደ ቤዝ ጊታር ከተጻፈው አንድ ኦክታቭ ወርዶ ይሰማል። ልዩነቱ ርቀቱ ላይ ነው። የተለመደው ቤዝ ጊታር የክሩ ርዝመት 86 ሴንቲሜትር ግድም ነው። ሦስት አራተኛ የሚባለው ደብል ቤዝ ግን 105 ገደማ ይደርሳል። ከባዶው (በጣት ካልተያዘው) ኢ ወደ ኤፍ ለመሄድ በጊታሩ 5 ሴንቲሜትር አይሞላም፤ እዚህ 6 ያህል ነው። ፍሬት (ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳየው የብረት መስመር) ደግሞ የለም።

ስለዚህ ለአንድ ፍሬት አንድ ጣት የሚለው ልማዳችን ከታች በኩል አይሠራም። እኔ የያዝኩት የፍራንዝ ሲማንድልን ዘዴ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኦርኬስትራ ቤዚስቶች የሚማሩበት ነው። ጠቋሚ፣ መሐል ጣትና ትንሿ ጣት ብቻ ይሠራሉ፤ የቀለበት ጣት ትንሿን ያግዛል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ክር ላይ፣ በጣት የሚያዘው ሦስት ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እጅ መሄድ አለበት። የልምምዱ ግማሽ እጅን ማዘዋወር ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ቀስቱ። ሁለት ዓይነት አያያዝ አለ። በፈረንሳዩ እጅ ከላይ ይመጣል፤ በጀርመኑ መዳፍ ከሥር ይገባል። ከመሣሪያው ጋር የመጣው ቀስት የጀርመኑ ስለሆነ ምርጫ አልነበረኝም። ከቫዮሊን ቀስት አጠር፣ ከበድ ያለ ነው። የመጀመሪያ ሰሞን ድምፁ ጆሮ ይበላ ነበር።

ጎረቤታችን ማሲንቆ ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ከሰዓት በር ላይ ቆመው ሲሰሙኝ ቆዩና፣

"አንቺ ልጅ፣ ምን በድሎሽ ነው እንዲህ የምትጫኚው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ካልተጫንኩት አይጮህም እኮ።"

"ክንድሽን ጣይበትና ተይው። እሱ ራሱ ይናገራል።"

ቀስቱን ተቀብለው ወፍራሙን ኢ ክር በዝግታ ጎተቱት። ደብል ቤዝ ነክተው አያውቁም። ወጣላቸው።

ነገሩ ምክንያት አለው። የወፈረ ክር ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል። ቀስቱ ከፈጠነ ክሩን ሳይዘው ያልፋል፤ በጣት ኃይል ከታፈነ ደግሞ ይንጫጫል። ቀስ ያለ ቀስትና የክንድ ክብደት ሲገናኙ ነው ድምፁ የሚከፈተው።

ከዚህ በላይ የጠቀመኝ ግን ሌላ ነው። ቤዝ ጊታር ላይ ክሩን ነክተን እንለቃለን። ድምፁ በራሱ ጊዜ ይሞታል፣ ወይም ቀጣዩ ኖታ ይገድለዋል። በቀስት ግን ድምፁ የሚኖረው እጅ እስካለ ድረስ ነው። መቼ ያልቃል? ተቆርጦ ነው ወይስ እየሳሳ? እያንዳንዱ ኖታ ላይ ትወስናላችሁ። ይሄ ወደ ቤዝ ጊታሬም ተሻገረ። ቺክቺካ ስንጫወት የኖታዬን መነሻ ሳይሆን ማለቂያውን መስማት ጀምሬያለሁ። ድራመራችን "ዘንድሮ ምነው ሰፋ አልሽ" ብሎኛል። ምስጋና ይሁን ትችት ገና አልገባኝም።

በዚሁ ሰሞን የአሜሪካዊውን ደብል ቤዝ ተጫዋች የሪቻርድ ዴቪስን ሥራዎች እየተከታተልኩ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። 1930 ቺካጎ ተወለደ። ትምህርት ቤት ያስተማረው ዋልተር ዳየት ነበር፤ ቀጥሎም ከቺካጎ ሲምፎኒ ቤዚስት ከሩዶልፍ ፋስቤንደር ተማረ። መሠረቱ የኦርኬስትራ ነው ማለት ነው። ከዚያ ከ1957 እስከ 1963 የጃዝ ዘፋኟን ሳራ ቮንን አጀበ። 1964 ላይ ከኤሪክ ዶልፊ ጋር ከለመድነው ጃዝ ያፈነገጠ አልበም ቀረጸ። 1968 ላይ የዘፋኙ ቫን ሞሪሰን አልበም አስትራል ዊክስ ሲቀረጽ ቤዙን የያዘው እሱ ነው። ስትራቪንስኪና በርንስታይን በመሯቸው ኦርኬስትራዎችም ተጫውቷል። 1977 ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማዲሰን ገብቶ ለብዙ ዓመታት አስተማረ። 2023 በ93 ዓመቱ አረፈ።

አስትራል ዊክስን ቤዙን ብቻ እየተከተላችሁ ስሙት። ጊታሩ ጥቂት ኮርድ ላይ ሲመላለስ ቤዙ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዘፋኙን ያናግራል፣ ተመልሶ መሬት ይይዛል። የጃዝ ሐረግ ፎክ ዘፈን ላይ የለጠፈ አይመስልም። ሰውየው ከቤት ቤት ይዞት የዞረው ስታይል አይደለም ባይ ነኝ። ይዞት የዞረው የጠራ ቃናና የኖታን ርዝመት የመምረጥ ልማድ ነው። እነዚህ ካሉ የትም መድረክ ላይ ሥራ አይጠፋም።

ሌላው የጃዝ ቤዚስት ሮን ካርተርም እንደዚሁ ነው። የተወለደው 1937፣ መነሻው ቼሎ፣ ከኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቀው 1959። ሐሳቡ ኦርኬስትራ ነበር። መሪው ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ ችሎታውን ቢወድም፣ የኦርኬስትራው ቦርድ ጥቁር ሰው ለመቀበል ዝግጁ እንዳልሆነ ነገረው። ከ1963 እስከ 1968 ከጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ጋር ሠራ። 1991 ላይ ኤ ትራይብ ኮልድ ኩዌስት የተባለው የሂፕ ሆፕ ቡድን አልበም ላይ አለ። 2015 ጊነስ በ2,221 ቀረጻዎች በጃዝ ታሪክ ብዙ የተቀረጸ ቤዚስት ብሎ መዘገበው።

ከስልት ስልት መሻገር ሲወራ ሁሌ እንደ ነፃነት ነው የሚወራው። ካርተር ግን በር ተዘግቶበት ነው የተሻገረው። ይሄ ከታሪኩ መውጣት የለበትም። እንግሊዝ ያለችው ቤዚስት ቺቺ ንዋኖኩ 2015 ላይ አብዛኞቹ አባላቱ ጥቁሮችና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሙዚቀኞች የሆኑበትን ቺኔኬ ኦርኬስትራ ማቋቋሟም ከዚሁ በር ጋር የተያያዘ ነው።

ወደ እኔ ልመለስ። የሲማንድል መልመጃ ብቻ ስለሚያሰለች ቅኝቶቻችንን በቀስት መሥራት ይዣለሁ። ትዝታ ይቀላል። የገረመኝ አንቺሆዬ ነው። ከጂ ብትነሱ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኢ ይሆናል። ጂና ኤ ፍላት ኢ ክር ላይ በጠቋሚና በመሐል ጣት ይያዛሉ። ሲና ዲ ፍላት ደግሞ እጅ ሳይንቀሳቀስ፣ በእነዚያው ሁለት ጣቶች፣ ኤ ክር ላይ ይገኛሉ። ለኢ ብቻ እጅ ግማሽ ቶን ወደ ኋላ ተመልሶ ዲ ክር ላይ በጠቋሚ ይይዛል። እጅ ላይ እንዲህ ቀሎ ጆሮ ላይ ግን ይከብዳል። ቲዩነሩ (የድምፅ መቃኛው) ልክ ነው ያለኝ ኤ ፍላት ከዘፋኝ ጋር ሲሆን ይጎረብጣል። ስለዚህ ቲዩነሩን አጥፍቼ ጋሼ በማሲንቆ ሲይዙልኝ እከተላለሁ።

ሆቴል ላይ ለዘገምተኛ ዘፈኖች ሞክረነዋል፤ በጣት ብቻ፣ ቀስት መድረክ ላይ ገና ነው። ፊድባክ አስቸግሮን ነበር፤ ሞኒተር (መድረክ ላይ ያለው የእኛ ድምፅ ማጉያ) አጠገብ ሲቆም ሆዱ ያጓራል። ፒካፑን (ድምፅ የሚቀበለውን) ብርኩማው (ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት) ላይ ለጥፈን፣ ሞኒተሩን ወደ ጎን አዙረን፣ ሎውን (ወፍራሙን ድምፅ) ቀነስነው። ተሻለ።

አንድ ማሳሰቢያ ለጀማሪ፦ ክር ስትቀይሩ ሁሉንም በአንዴ አትፍቱ። ከብርኩማው ሥር፣ ሆዱ ውስጥ የቆመች ድጋፍ እንጨት አለች። አልተጣበቀችም፤ የያዛት የክሮቹ ጫና ነው። ከወደቀች ባለሙያ ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ ሊሆን ነው። እንጨቱም ዝናብና በጋ ሲፈራረቅበት ያብጣል ይኮማተራል፤ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት አጠገብ አታቁሙት።

አሁን ልምምዴን የምጀምረው ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) 60 ላይ አድርጌ ባዶ ክር በረጅሙ በመጎተት ነው። አራት ምት ወርዶ አራት ምት መውጣት ተስተካክሏል። ስምንቱ ኢ ክር ላይ ገና ይንቀጠቀጣል። የቀስቱ ጭራ ሳስቷል፤ ጋሼ የፈረስ ጭራ አስመጥተው አብረን ልንሞክረው ነው። ሮዚን (የቀስት ጭራ ላይ የሚቀባው ሙጫ) ግን ቸግሮኛል። የደብል ቤዙ ከቫዮሊኑ ለስለስ ያለና የሚጣበቅ ነው፤ እጄ ላይ ያለው የቫዮሊኑ ስለሆነ ወፍራሙ ክር ላይ ይንሸራተታል። አዲስ አበባ የሚሸጥበትን የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ እግረ መንገዳችሁን የኢ ክር ዋጋም ጠይቁልኝ።