ትርዤቦኝ፦ ከአደባባዩ በፊት ውሃው

ስለ ትርዤቦኝ የሚጽፍ ሁሉ ከአደባባዩ ይጀምራል። ማማሩ እውነት ነው፤ ረዘም ያለ ነው፣ ዳርና ዳሩ ቅስት ባላቸው መተላለፊያዎች የተያዘ ነው፣ በ1544 የተሠራው «ነጭ ፈረስ» የሚባለው ቤትም እዚያው ቆሟል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህችን በቼክ ሪፐብሊክ ያለች የደቡብ ቦሄሚያ ትንሽ ከተማ ለመረዳት ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ውሃዋ ነው ባይ ነኝ።

ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ሜዳማ ተፋሰስ ውስጥ ተቀምጣለች። መሬቱ አሸዋና ሸክላ የበዛበት፣ ረግረጋማ፣ ለእህል የማይመች ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው ይተኛል እንጂ አይወርድም። ከ1366 ጀምሮ የያዟት የሮዥምበርክ መሳፍንት ይህን ረግረግ እየገደቡ የካርፕ ዓሣ ማርቢያ አደረጉት። ጾም በሚበዛበት የካቶሊክ አገር ዓሣ ገበያ አያጣም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ኩሬዎች ትልቁ ችግር የቆመ ውሃ ነበር። በዝናብ ብቻ የሚሞላ ኩሬ በበጋ ይሞቃል፣ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ዓሣው ይታፈናል። የመሳፍንቱ የኩሬ ባለሙያ ሽቴፓኔክ ኔቶሊትስኪ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መፍትሔውን አገኘ፤ የሉዥኒትሴን ወንዝ ማይዳሌና አጠገብ ጠልፎ «ወርቃማው ቦይ» የተባለውን መስመር አስቆፈረ። ርዝመቱ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በከተማዋ በኩል አልፎ ቬሴሊ አካባቢ ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል። ቁልቁለቱ በኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር ያንሳል። ቦዩ ቢቆለቁል ዳርቻው ይሸረሸራል፣ ቢዘረጋ ደግሞ በደለል ይደፈናል፤ ሁለቱን አመዛዝኖ በዚያን ዘመን መሣሪያ ልኩን ማግኘት የሚያስደንቅ ችሎታ ነው። ለእኔ ከሁሉም ሥራዎች የሚበልጠው ይህ ነው።

ስሙ በሰፊው የሚነሳው ግን ከእርሱ በኋላ የመጣው የኩሬ ሠሪ ያኩብ ክርቺን ነው። የከተማዋን አጥር ተጠግቶ የሚተኛውን ስቭዬት የተባለ ኩሬ በ1571 ጀምሮ በ1573 ጨረሰ፤ ለዚህም የከተማዋ ዳርቻ ሰፈር አንድ ክፍል ፈርሷል። ከዚያ ከ1584 እስከ 1590 በመሳፍንቱ ስም የሚጠራውን የሮዥምበርክ ኩሬ ሠራ፦ ስፋቱ 489 ሄክታር፣ የአፈር ግድቡ 2,430 ሜትር። የሉዥኒትሴ ወንዝ በቀጥታ ስለሚገባበት ደራሽ ጎርፍ ግድቡን ሊንደው ይችል ነበር። ስለዚህ ትርፉን ውሃ ወደ ኔዣርካ ወንዝ የሚያሻግር «አዲሱ ወንዝ» የሚባል 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ መቀልበሻ አስቆፈረ። በግድቦቹ ላይ የባሉጥ ዛፍ የተተከለው ሥሩ አፈሩን እንዲይዝ ነው። በ2002ቱ ታላቅ ጎርፍ ሮዥምበርክ ከመደበኛ ይዞታው አሥር እጥፍ በላይ ውሃ ሲሸከም ግድቡ ጸንቷል።

እርባታው ዛሬም በዚያው ሥርዓት ይሄዳል። ካርፑ በፀደይ በትንንሽና ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች እንቁላሉን ይጥላል፤ ጫጩቶቹ እያደጉ ወደ ትልልቆቹ ይዛወራሉ። ለገበያ ለመድረስ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል። በመከር የውሃው በር ቀስ ተብሎ ይከፈታል፤ ሮዥምበርክን ለማጉደል ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ዓሣው ግድቡ ሥር ባለው ጥልቅ ስፍራ ሲሰበሰብ በመረብ ይወጣና በመጠን ይለያል። በሙቀት ወራት ቢሞከር በጭቃውና በጥበቱ መካከል ብዙው ይሞታል። የወጣው ዓሣ ከዚያ የሚፈስ ንጹሕ ውሃ ባለበት ማቆያ ይቆያል፤ የጭቃው ጣዕም የሚለቀው እዚያ ነው። አብዛኛው የሚሸጠው ቼኮች በገና ዋዜማ ካርፕ ስለሚበሉ ለዚያ ወቅት ነው።

ክረምቱ ሌላ ፈተና አለው። በረዶው ላይ ወፍራም አመዳይ ሲከመር ብርሃን አይገባም፣ የውሃ ውስጥ እጽዋት ኦክስጅን መስጠት ያቆማሉ፤ ስለዚህ አመዳዩ ይጠረጋል፣ በረዶውም ይበሳል። ቀደም ሲል ደግሞ ኩሬውን ለአንድ በጋ ማድረቅና እህል መዝራት የተለመደ ነበር፤ ደለሉ አየር አግኝቶ ይበሰብሳል፣ በቀጣዩ ዓመት ውሃው ሲመለስ ለዓሣው የሚሆን ምግብ ይበዛል።