ድንጋዩና የቀኙ ጎማ

ዛሬ ጠዋት እዚሁ አዳማ ከሰፈራችን ጎሚስታ ዘንድ ንፋስ ላስሞላ ሄጄ ሳለ፣ ልጁ መዳፉን በፊት ቀኝ ጎማዬ ጎን ላይ ካንሸራተተ በኋላ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ይሄን አይተውታል?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ስዳስሰው የግማሽ እንቁላል ያህል እብጠት አገኘሁ። «ከርብስቶን ነው፣ የመንገድ ዳር ድንጋዩ» ሲለኝ መከራከር አልቻልኩም፤ የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ሳይቀር አውቀዋለሁና።

መሪው በግራ በኩል ስለሆነና የምንነዳውም በቀኝ ስለሆነ፣ የመንገዱ ጠርዝ ሁልጊዜ ከማላየው ወገን ነው። እኔ ደግሞ ባጃጅ የግራ ስፖኪዮዬን ገጭቶ ይሄዳል እያልኩ ስለምሰጋ፣ መኪናዬን ባቆምኩ ቁጥር ወደ ድንጋዩ እየተጠጋሁ እስኪነካኝ ድረስ እገፋ ነበር። መንካቱን እንደ መለኪያ ቆጥሬው ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ልጁ እንዳስረዳኝ፣ መሬት የሚረግጠው የጎማ ክፍል ወፍራም ሲሆን ጎኑ ግን ስስ ነው። ጎማው በድንጋዩ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ሲቆነጠጥ፣ ላዩ ምንም ሳይሆን በውስጡ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ንፋሱ የላላውን ቦታ እየገፋ ያሳብጠዋል። ንፋሱ ሲያንስ ቆንጠጣው ይብሳል፤ እኔም ንፋስ ያነሰውን ጎማ ይዤ ሳምንቱን ሙሉ ድንጋይ ስገፋ ሰንብቻለሁ። ጎኑ ያበጠ ጎማ ስለማይለጠፍ መቀየር ግድ ሆነብኝ፤ ዋጋውን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ድንጋዩ እንኳ ያለ ምክንያት አልቆመም። በክረምት ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ እግረኛው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ጠርዙን ይዞ ወደ ቦዩ እንዲሄድ የሚያደርገው እሱ ነው፤ አስፋልቱም ዳሩ እንዳይፈረካከስ ደግፎ ይይዘዋል። ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነውና ጎማን ብቻ ሳይሆን ዝቅ ያለ መኪና በርንም ይይዛል። ባለፈው እሑድ እናቴ ልትወርድ በሩን ስትከፍት የታችኛው ጠርዙ ድንጋዩ ላይ ተፋቀ፤ እሷም በግማሽ በተከፈተው በር ሾልካ እየወጣች «ልጄ፣ ለድንጋዩ አዝነህ ነው እንዲህ ያቀፍከው?» አለችኝ።

አሁን የቀኙን ስፖኪዮ የኋላው ጎማ እስኪታየኝ ድረስ ዝቅ አድርጌ፣ ስንዝር ተኩል ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቄ ለማቆም እየተለማመድኩ ነው።

ሆን ብዬ የማስነካው ዳገትና ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው። ፊቴን ወደ ቁልቁለት አዙሬ ሳቆም የፊት ጎማዎችን ወደ ድንጋዩ፣ ወደ ዳገት ሳቆም ደግሞ ወደ መንገዱ አጥፌ፣ ፍሬኑን በቀስታ እየለቀቅሁ ጎማው ድንጋዩን እንዲደገፍ አደርጋለሁ፤ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ስቤ ማርሽ አስገባለሁ። ያኔ የእጅ ፍሬኑ ቢለቅ እንኳ መኪናው ወደ ሰው ከመንከባለሉ በፊት ድንጋዩ ያቆመዋል። እንዲህ ሲሆን ድምፅ እንኳ አይሰማም፤ ጎማው ረጋ ብሎ ይቀመጣል።

ከሰዓት በኋላ እናቴን ይዤ ገበያ ስሄድ፣ አዲሱን ጎማ እያሳየሁ ስለ ስንዝር ተኩሉ በሰፊው አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ ገና ወደ ጠርዙ ሳልጠጋ «እዚሁ አውርደኝና ከዚያ ተለማመድ» አለችኝ።